አንዱን መርጬ ልያዝ ወይስ እንዲሁ ልቀጥል?

የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ነው የማቀርበው፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። 26 ዓመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ማንበብ በጣም እወዳለሁ፣ ችግሬ ግን አንድ ነገር ላይ አልቆይም። አሁን ራሱ አልጋዬ ጎን የሮም ታሪክ አለ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ አለ፣ ግማሽ ላይ ያቆምኩት ልብወለድ አለ፣ ስልኬ ላይ ደሞ ኮሚክስ አለ፣ እሱን ሰው ሲመጣ ቶሎ ብዬ ነው የምዘጋው። ታላቅ ወንድሜ ‹አንቺ ሁሉንም ትነካኪያለሽ አንዱንም አትይዢም፣ አንድ ነገር ምረጪና ጠልቀሽ አንብቢ› ይለኛል። በጣም የምቀርባት ጓደኛዬ ደሞ የሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ ሳነብ አይታኝ ‹ቀስ በቀስ እምነትሽን ያቀዘቅዝብሻል› አለችኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ስከፍተው ደስ አይለኝም። ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ያነበብኩትን መርሳቴ ነው። ሰው ‹ስለምንድነው መጽሐፉ?› ሲለኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ያልቅብኛል። አንዱን መርጬ ልያዝ ወይስ እንዲሁ ልቀጥል? ኮሚክሱንስ ልተወው?»

እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ እኔም እንዳንቺ አራቱንም ዓይነት የማነብ ሰው ስለሆንኩ የጻፍሽው ነገር ልቤ ውስጥ ገብቷል። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ አንዱን አትምረጪ፣ ኮሚክሱንም አትተዪው፣ ግን አሁን በያዝሽው አኳኋን ከቀጠልሽ ወንድምሽ ያለው ነገር እውነት ሊሆን ስለሚችል አነባበብሽን ትንሽ ማስተካከል አለብሽ። እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ረዘም ይላል ታገሺኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ሰው ካውሬ እየሸሸ ሲሮጥ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እየወደቀ እያለ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የበቀለች ቁጥቋጦ እጁ ትገባለትና እሷን ይዞ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ ላይ ሲያይ አውሬው አፋፉ ላይ ቆሟል፣ ወደ ታች ሲያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፣ የያዛትን ቁጥቋጦ ሲያይ ደሞ ሁለት አይጦች፣ አንዷ ነጭ አንዷ ጥቁር፣ እየዞሩ ስሯን ይግጣሉ። በዚህ መሀል ጠብታ ማር ያያል። አንገቱን አስግጎ ምላሱን ዘርግቶ ማሯን ይልሳል፣ በቃ ለዛች ቅጽበት አውሬውንም ዘንዶውንም አይጦቹንም ይረሳቸዋል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፣ ቁጥቋጦዋ ደሞ ዕድሜ ናት።

ይሄን ምሳሌ መጀመሪያ ያገኘሁት የሃይማኖት መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ በረላምና ይዋስፍ በሚባለው የባህታዊና የንጉሥ ልጅ ታሪክ ውስጥ። ከስንት ዓመት በኋላ ሩሲያዊው ልብወለድ ጸሐፊ ቶልስቶይ በ1880 አካባቢ የጻፈውን ኑዛዜ የሚባል መጽሐፍ ሳነብ እዛው መሀሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ነጯም ጥቁሯም አይጥ፣ ዘንዶውም፣ ማሩም! ቶልስቶይ ሕይወቱ ትርጉም ያጣበትን ጊዜ ሲናገር ነው የሚያነሳው፣ ማሩ አሁን አልጣፍጥ አለኝ እያለ። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ሰዓት እንደተቀመጥኩ ትዝ ይለኛል፣ የቅርብ ዘመዴን በማላውቀው አገር መንገድ ላይ ያገኘሁት ነው የመሰለኝ። ከዛ ደሞ ከሊላና ዲምና ላይ አገኘሁት፣ ኢብን አልሙቀፋ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አረብኛ የመለሰው የእንስሳት ተረት መጽሐፍ ነው፣ እዛ ሰውየው የሚሸሸው ከዝሆን ነው፣ በበረላም ላይ ደሞ ባለ አንድ ቀንድ ከሆነ አውሬ።

ነገሩ እዚህ ላይም አያበቃም። የበረላምና ይዋስፍን ታሪክ ልብ ብለሽ እይው። አንድ ንጉሥ ልጁ በሽታ፣ እርጅናና ሞት የሚባል ነገር እንዳያይ ብሎ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘግቶ ያሳድገዋል፣ ልጁ አንድ ቀን ወጣ ሲል በሽተኛና ሽማግሌ ያይና እንቅልፍ ያጣል፣ ከዛ በረላም የሚባል ባህታዊ ነጋዴ መስሎ ውድ ዕንቁ ይዣለሁ ብሎ ይገባና ያስተምረዋል፣ ልጁም በመጨረሻ መንግሥቱን ትቶ ይሄዳል። የማን ታሪክ መሰለሽ? የቡድሃ ነው። ከህንድ ተነስቶ በፋርስ አድርጎ አረብኛ ገባ፣ ከአረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ፣ ከዛ ወደ ግሪክ፣ ከዛ ወደ ላቲን። ወደ ግዕዝ ደሞ በ1553 ከአረብኛ የመለሱት ከየመን የመጡት እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። በየአገሩ ሲገባ የየአገሩን ልብስ እየለበሰ ማለት ነው፣ ክርስቲያኖቹጋ ሲደርስ የንጉሡ ልጅ ክርስቲያን ሆነ።

ስሙ እንዴት እንደተቀየረ ስሚኝማ። ቡድሃ ከመብቃቱ በፊት ያለው ማዕረግ ቦዲሳትቫ ይባላል፣ እሱ አረብኛ ላይ ቡዳሳፍ ሆነ። በአረብኛ ጽሕፈት ቃል መጀመሪያ ላይ ባ እና ያ መልካቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት ባ ከስሯ አንድ ነጥብ ያ ሁለት ነጥብ ስላላቸው ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ተጨመረችና ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፣ ዩዳሳፍ ይዋስፍ ሆነ፣ አውሮፓ ላይ ደሞ ዮሳፋጥ ተባለ። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የሰማዕታት መዝገብ ላይ ኅዳር ወር ውስጥ፣ ኖቬምበር 27፣ ሁለቱ እንደ ቅዱሳን ይታሰቡ ነበር። ታሪኩ የቡድሃ መሆኑን ምሁራን በግልጽ ማሳየት የጀመሩት 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ያንኑ የንጉሥ ልጅ ሕይወት ደሞ ኦሳሙ ቴዙካ የሚባለው ጃፓናዊ ከ1972 እስከ 1983 በኮሚክስ ሳለው፣ ብዙ ቅጽ ነው።

አሁን ተመልከቺ እህቴ። አንድ ታሪክ ነው፣ የሃይማኖት መደርደሪያ ላይ አለ፣ የታሪክ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ልብወለድ ጸሐፊው ኑዛዜ ውስጥ አለ፣ ኮሚክስ ላይ አለ። አንዱን መደርደሪያ ብቻ መርጦ ዕድሜውን ሙሉ ያነበበ ሰው የታሪኩን አንድ አራተኛ ብቻ ነው የሚያየው፣ ያውም ሌላው እንዳለ ሳያውቅ። ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ልብወለድ፣ ኮሚክስ የሚለው ክፍፍል መጽሐፍ ለመደርደር ያመቻል፣ ሰው ግን ሲያስብና ሲያወራ እንደዛ ተከፋፍሎ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ማንበብሽ ጥፋት አይደለም።

ግን ወንድምሽ ያየው ነገር አለ። እሱ ያየው ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዘይ ነው። መዝለልና መከተል ይለያያሉ። ከሮም ታሪክ የተነሳሽው ስለሰለቸሽ ከሆነና ልብወለዱን ያነሳሽው እጅሽ ላይ ስለነበረ ከሆነ፣ ልብወለዱን ደሞ ስልክሽ ስለጮኸ ከተውሽው እሱ መዝለል ነው፣ ከአራቱም ፍርፋሪ ይዘሽ ትወጫለሽ። ከሮም ታሪክ ላይ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ከተነሳሽና ጥያቄው ወደ ሃይማኖት መጽሐፉ ከወሰደሽ ግን ያ ጠልቆ ማንበብ ነው፣ ከውጭ ለሚያይሽ ሰው የተበታተንሽ ብትመስዪም።

እዛው አልጋሽ ጎን ባለው ላሳይሽ። የሮም ታሪክሽን እያነበብሽ 410 ዓ.ም. ላይ ስትደርሺ አላሪክ የሚባለው የጎቶች መሪ ሮም ከተማ ገብቶ ሲዘርፍ ታገኛለሽ። እዛ ላይ ቁሚ። ያኔ ብዙ ሰው ‹የድሮ አማልክቶቻችንን ትተን ክርስቲያን ስለሆንን ነው ይሄ የመጣብን› እያለ ነበር። ሰሜን አፍሪካ ሂፖ የምትባል ከተማ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ለዚህ መልስ መጻፍ የጀመረው በ413 ነው፣ የጨረሰው ደሞ በ426፣ 22 ክፍል ያለው የእግዚአብሔር ከተማ የሚባለው መጽሐፉ። አየሽ፣ የታሪክ መጽሐፍሽ ላይ አንድ አንቀጽ የሆነ ነገር ሃይማኖት መደርደሪያ ላይ የ13 ዓመት ሥራ ነው። ሁሉንም 22 አንብቢ አላልኩሽም፣ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ብታነቢ ከተማቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ከታሪክ መጽሐፉ በላይ ይገባሻል። ኮሚክስም ከፈለግሽ ከ1959 ጀምሮ የወጣው አስትሪክስ አለልሽ፣ ቄሣር ጎልን፣ የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ በያዘበት ዘመን ለሮም እምቢ ስላለች አንዲት መንደር ነው። ቄሣር ስለዛ ጦርነት ራሱ ጽፏል፣ ስለ ራሱም ‹ቄሣር እንዲህ አደረገ› እያለ በሦስተኛ ሰው ነው የሚያወራው፣ ያሸነፈው ሰው የጻፈው ታሪክ ማለት ነው። ኮሚክሱ ደሞ ከተሸናፊዎቹ ወገን ሆኖ ይስቅበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ታሪክ በማን ዓይን እንደሚነገር ቁጭ አድርጎ ያስተምርሻል፣ እኔ ካነበብኳቸው ስለ ታሪክ አጻጻፍ ከሚያወሩ ወፍራም መጽሐፎች አንዳንዶቹ እንኳ እንደዛ አላስተማሩኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፣ መጽሐፍ ሳይሆን ጥያቄ ምረጪ። ለሁለት ሦስት ወር የሚሆን አንድ ጥያቄ። ከተማ ሲወድቅ ሰው ማንን ይወቅሳል? የሚል ሊሆን ይችላል፣ ሰው ለምን ቤቱን ጥሎ ይመንናል? የሚል ሊሆን ይችላል፣ ያንቺ የሆነ፣ እንቅልፍ የሚከለክልሽ። ከዛ ከየመደርደሪያው ለሱ የሚሆን አንድ አንድ አውጪ። ባንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አትክፈቺ፣ አንዱ ዋና ይሁን፣ አእምሮሽ ንቁ በሆነበት ሰዓት የሚነበብ፣ ሌሎቹ ለደከመሽ ሰዓት። ያ ግማሽ ላይ ያቆምሽው ልብወለድ ከጥያቄሽጋ ካልሄደና ካልናፈቀሽ መልሰሽ አስቀምጪው፣ ሳይጨርሱ መተው ኃጢአት አይደለም፣ መጽሐፍ ደሞ አይቀየምም፣ ጊዜው ሲደርስ ትመለሽበታለሽ።

ሁለተኛው ምክሬ፣ አራቱን ባንድ ዓይነት ዓይን አታንብቢ። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው፣ ታሪክን እንደ ልብወለድ እየዋጥኩ ልብወለዱን ደሞ ‹ይሄ በርግጥ ሆኗል?› እያልኩ እመረምር ነበር። የታሪክ መጽሐፍ ስታነቢ ‹ይሄን ማን አየው፣ መቼ ጻፈው፣ ከምን አገኘው?› በዪ። ቱሲዲደስ የሚባለው ግሪካዊ የአቴናና የስፓርታን ጦርነት ሲጽፍ እዛው መጽሐፉ ላይ በግልጽ ይናገራል፣ ንግግሮቹን ቃል በቃል ማስታወስ ከባድ ስለነበር የተባለውን ጠቅላላ ሐሳብ ሳይለቅ ተናጋሪዎቹ በዛ ሰዓት ሊሉት ይገባል ብሎ ያሰበውን እንዳናገራቸው። ይሄን ካወቅሽ በኋላ ያንን ሁሉ የሚያምር ንግግር ስታነቢ ግማሹ የሱ ድምፅ እንደሆነ ይገባሻል፣ ደሞ አትንቂውም፣ ደብቆ አላታለለሽማ። ልብወለድ ላይ ግን ሆነ አልሆነም የሚለውን ተዪው፣ ‹ይሄ ሰው ምን ፈለገ፣ ለምንስ አላገኘውም?› ብለሽ ተከተዪው። የሃይማኖት መጽሐፍን ደሞ ቀስ ብለሽ፣ ብዙ ሰው ተንበርክኮ ያነበበው ነገር እንደሆነ እያሰብሽ።

አሁን የጓደኛሽ ነገር። በመጀመሪያ ጓደኛሽ ክፉ አላለችሽም፣ ስለምትሳሳልሽ ነው፣ ስለዚህ በዛ ምክንያት ከሷ እንዳትርቂ። ፍርሀቷንም አልንቀውም፣ እምነት ያለው ሰው እምነቱን ሊጠብቅ ይገባል። ግን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፣ በ14 ዓመቱ ትምህርት አቁሞ የብር ኖት ማተሚያ ብረት የሚቀርጹበት ቤት ሙያ ለመማር የገባ ልጅ። በምሳ ሰዓቱ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም እየሄደ ከነነዌ የመጡትን የሸክላ ጽሑፎች ያይ ነበር፣ ማንም ሳያስተምረው ጽሕፈቱን ራሱ ተማረ፣ በኋላ ሙዚየሙ ቀጠረው። በ1872 ከነዛ ሸክላዎች አንዱ ላይ ስለ አንድ ትልቅ የጥፋት ውሃ የሚናገር ነገር አነበበ፣ መርከብ አለ፣ መርከቡ ተራራ ላይ ያርፋል፣ ሰውየው ውሃው መጉደሉን ለማወቅ እርግብ ይለቃል፣ ቀጥሎ ሌላ ወፍ፣ መጨረሻ ቁራ። ጊልጋሜሽ የሚባለው የጥንት የባቢሎን የጀግና ታሪክ 11ኛው ሸክላ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1872 ለንደን ላይ ሲያነበው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀር ተቀምጦ ሰማ።

ከዛ ምን ሆነ? አንዱ ‹ይኸው የመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ› አለ፣ ሌላው ‹ይኸው ከሌላ የተወሰደ መሆኑ ታወቀ› አለ። ሸክላው አንድ ነው፣ አንባቢዎቹ ግን ይዘውት የመጡት ልብ የተለያየ ነበር። ለዚህ ነው እምነትሽን የሚያቀዘቅዘው ሌላውን ማንበብሽ ብቻ ነው የማልልሽ። እኔ እንዳየሁት ሰውን የሚያናውጠው የራሱን ሳያውቅ የሌላውን ሲከፍት ነው፣ የራሱን በስማ በለው ብቻ ይዞ ኖሮ የሌላውን በጽሑፍ ሲያገኘው የሌላው የበለጠ ይመስለዋል። ስለዚህ የራስሽን መጽሐፍ አስቀድሚ፣ ጠጋ ብለሽ አንብቢው። የሌሎችን ስታነቢ ደሞ ጠላቶቻቸው የጻፉትን ሳይሆን አማኞቹ ራሳቸው የሚያነቡትን ያዢ፣ ከተቻለ የሚኖርበት ሰው ጠይቂ፣ ‹ይሄ ቦታ ላንተ ምንድነው?› በዪው። ለመከራከር ብለሽ ግን አታንብቢ፣ ለመከራከር የሚያነብ ሰው የሚፈልጋትን አንዲት መስመር ይዞ ይወጣል፣ ሌላው አይታየውም። የሚረብሽሽ ነገር ሲያጋጥምሽ ብቻሽን አትሸከሚው፣ የምታምኛቸው የሃይማኖት አባት ወይም አስተማሪ ጋ ይዘሽ ሂጂ። ልብሽ ከከበደሽም ለጊዜው ማስቀመጥ መብትሽ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም። ለጓደኛሽም ተደብቀሽ ከማንበብ ‹ይሄን እያነበብኩ ነው፣ እዚህ ጋ እንዲህ ይላል፣ አንቺ ምን ትያለሽ?› ብትያት ይሻላል፣ አብራሽ ልትቀመጥም ትችላለች።

ስለ መርሳት ብዙ አትጨነቂ፣ ግን መፍትሔ አለው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸው ቃላት ራሱ ላይ እየሞከረ አንድ ነገር ከተማርን በኋላ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳየ፣ ከዛ በኋላ መጥፋቱ ቀስ ይላል። ስለዚህ ያንቺ ጭንቅላት ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም ነው። በ2006 ደሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንዱን ቡድን ጽሑፉን ደግሞ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን መጽሐፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት ናቸው የበለጡት። ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ ሕይወቴ ላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። ከዛ በፊት አስምሬ አስምሬ መጽሐፌን ቢጫ ነበር የማደርገው፣ አስምሬ ስጨርስ ያወቅኩት ይመስለኛል፣ በሳምንቱ ባዶ።

አሁን የማደርገው ይሄን ነው፣ አንቺም ሞክሪው። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሺ መጽሐፉን ዝጊው፣ ሙሉ በሙሉ ዝጊው፣ አጮልቀሽ አትዪ። ከዛ ደብተርሽ ላይ አራት አምስት መስመር በራስሽ ቃል ጻፊ፣ እንደምታወሪው አድርገሽ፣ ጸሐፊው የተጠቀመበትን ቃል አትገልብጪ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ፣ ‹ይሄ ምን አስታወሰኝ?› የምትል። እኔ ያቺን የአይጦቹን ነገር ቶልስቶይ ላይ ሳገኛት ወዲያው ያወቅኳት ከዓመታት በፊት ደብተሬ ላይ ‹ነጭና ጥቁር አይጥ፣ ማር፣ በረላም› ብዬ ጽፌ ስለነበር ነው፣ ባልጽፋት ኖሮ እርግጠኛ ነኝ እንዲሁ አልፋት ነበር። በሳምንቱ ደብተሩን ከማየትሽ በፊት የጻፍሽውን ለማስታወስ ሞክሪ፣ ከዛ ክፈችው። ደሞ ለሰው ንገሪ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ የሚያልቅብሽ ሳትለማመጂ ባንድ ጊዜ ሰው ፊት ስለምትጀምሪ ነው። ወንድምሽን ‹በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ስማኝ፣ ያልገባህን ጠይቀኝ› በዪው፣ ጠልቀሽ አንብቢ እስካለ ድረስ ይሄን እምቢ የሚልሽ አይመስለኝም።

ኮሚክሱን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት በጣም ስለምወደው ነው። የምትዘጊው ‹የልጅ ነገር› እንዳይሉሽ ፈርተሽ ነው አይደል? ይሄ ስም ከየት እንደመጣ በከፊል ልንገርሽ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1954 ኮሚክስ ልጆችን ያበላሻል ተብሎ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ድረስ ከተወራ በኋላ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ጥብቅ ደንብ አወጡ፣ ምን መሳል ምን መጻፍ እንደማይቻል የሚዘረዝር፣ ለብዙ ዓመታት እዛ አገር በየሱቁ የሚሸጠው ኮሚክስ በአብዛኛው ለልጅ እንዲሆን ተደርጎ የሚሠራ ሆነ። እንጂ ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ ስለሆኑ ነገሩ ቀለለ ማለት አይደለም።

ማውስ የሚባለውን ፈልገሽ አንብቢ። አርት ስፒገልማን አባቱን በቴፕ እየቀዳ ጠይቆ የሠራው ነው፣ አባቱ ናዚዎች አይሁዶችን ከፈጁበት ከአውሽቪትስ ካምፕ የተረፈ የፖላንድ አይሁዳዊ ነበር። የመጀመሪያው ቅጽ በ1986 ሁለተኛው በ1991 ወጣ፣ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። አይሁዶቹ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት፣ ፖላንዶቹ አሳማ ሆነው ነው የተሳሉት። ኒውዮርክ ታይምስ የብዙ ሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ልብወለድ ውስጥ ሲያስገባው ስፒገልማን ደብዳቤ ጽፎ ተቃወመ፣ ጋዜጣውም ወደ እውነተኛ ታሪክ ክፍል አዛወረው። አይጦች የሚናገሩበት መጽሐፍ እውነተኛ ታሪክ መደርደሪያ ላይ ማለት ነው!

ስታነቢው ጽሑፉን ብቻ እየለቀምሽ አትለፊ፣ ኮሚክስን አብዛኛው ሰው የሚስተው እዛ ነው። በሁለት ሥዕሎች መሀል ያለችው ባዶ ነጭ ቦታ ላይ የሆነውን የምትሞዪው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ቆይተሽ ነው መሄድ ያለብሽ። አንድ ገጽ አለ፣ አባትየውና ሚስቱ መደበቂያ ፍለጋ ፖላንድ መስለው መንገድ ላይ የሚሄዱበት። ሁለቱም የአሳማ ጭምብል አድርገዋል፣ ጭምብሉ የታሰረበት ክር ከኋላ ይታያል። ሚስቱ አይሁዳዊ መሆኗ ከሱ ይበልጥ ያስታውቅባት ነበር፣ ይሄን ለማሳየት የአይጥ ጭራዋ ከካፖርቷ ስር ወጥቶ ተስሏል። በጽሑፍ ቢሆን ስለ ፍርሀታቸው አንድ ገጽ ሙሉ ያስፈልግ ነበር፣ እዚህ አንዲት ጭራ ናት። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሳላያት አለፍኩ፣ ሁለተኛ ስመለስ አየኋትና ልቤ ድንግጥ አለ፣ ቀና ብላ የምትሄደዋን ሴት ‹ጭራሽ ይታያል› ብዬ ልጠራት ሁሉ ነበር የቃጣኝ።

እና ወንድምሽ በሚቀጥለው ሲመጣ ስልክሽን አትዝጊው። ያንን ገጽ ክፈቺና ስጪው፣ ምንም አትንገሪው፣ ‹እዚህ ሥዕል ላይ ምን ታያለህ?› ብቻ በዪው። ጭራዋን እስኪያገኛት ጠብቂው። ምን እንዳለ ደሞ ጻፊልኝ፣ የመረጥሽውን ጥያቄም አብረሽ፣ ለሱ የሚሆን ከየመደርደሪያው የማውቀውን እጠቁምሻለሁ።